አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

በሰባት ዓመቴ አያቴ ላይ ፈርጄባታለሁ። ምስክር አልጠራሁ፣ ቃሏን አልተቀበልኩ፤ ከሳሹም ዳኛውም እኔው ነበርኩ። ጥፋቷ አባቴን ማሰቃየት ነው። ማስረጃዬ ደግሞ በየማለዳው፣ መኪናችን ከመነሳቷ በፊት፣ በዓይኔ በብረቱ የማየው ነገር ነበር።

መኪናችን ስል ቤታችን ማለቴ ነው። አባቴ አንድ ጋራዥ ጓሮ ቆማ የምትዝግ አሮጌ አውቶቡስ ገዝቶ፣ ወንበሮቿን ነቃቅሎ፣ አልጋና ቁም ሣጥን፣ የዕቃ ማጠቢያና ባለሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ ገጠመላት። ከሾፌሩ ኋላ ሁለት ድርብ ወንበሮች ብቻ ቀሩ፤ አንዱ የእናቴ፣ አንዱ የእኔና የአያቴ። ስሟን ጎጆ አልናት። «ሰው ጎጆ ይወጣል፤ እኛ ጎጆ ይዘን ወጣን» ይል ነበር አባቴ። ይህችን ቀልድ በቀን ሦስቴ ካልደገማት እንቅልፍ አይወስደውም። እኔን ደግሞ አንድ ቦታ ስለማልረጋ ቁንጫ ይሉኝ ነበር።

ጎጆን ይዘን የወጣነው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሩቅ ከተማ ባለ ሆስፒታል ሥራ አገኘች፤ ግን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። የቤታችንን ኪራይ ለቀናል፣ ዕቃችንን ሸጠናል፣ መመለሻ የለንም። መንገዱ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ማክሰኞ ተነሳን። እናቴ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርና «ትርፍ ቀን የለንም» ትላለች። እሷ መሪ ይዛ አታውቅም፤ ሾፌራችን አባቴ ብቻ ነው።

አያቴ የእናቴ እናት ናት። ማለዳ ሻይ ተጠጥቶ ሲያበቃ ሻርፗን አስራ፣ መነጽሯን ሰክታ፣ ሽፋኑ ላይ ፈረስ የተሳለበት ወፍራም ደብተር ይዛ በሩ ፊት ትቆማለች። የጎጆ ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቷን ምራቅ ታስነካለች፣ ገጽ ትገልጣለች፣ ትጠይቃለች።

«ታኮ?»

«ከጎማው ሥር ነው። መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ» ይላል አባቴ።

«ቁም ሣጥን?»

«ተቆልፏል፤ ድስቶቹም ታስረዋል» ትላለች እናቴ።

«ጋዝ?»

አባቴ ወርዶ ከመኪናዋ ጎን ያለችውን ትንሽ የብረት በር ይከፍታል። የጋዙ ሲሊንደር የሚቀመጥባት ሳጥን ናት። መዝጊያውን ያጠብቃል፣ አጎንብሶ ያሸታል፤ «ተዘግቷል፤ ሽታ የለም» ይላል።

ፍሬን፣ የጎማ ንፋስ፣ መብራት፣ መስታወት፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ቀበቶ እያለች ትወርዳለች። «ደረጃ?» ስትል ተራው የእኔ ነው፤ የበሩን ተጣጣፊ ደረጃ ወደ ላይ አጥፌ «ታጥፏል!» ብዬ እጮሃለሁ። አሥራ አንድ ጥያቄ፣ አሥራ አንድ መልስ። አንዱ እንኳ ከተዘለለ ከራስ ይጀመራል። አባቴ ቸኩሎ አንድ ቀን ዘይቱን ሳያይ «ደህና ነው» ቢላት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብላ ከታኮ ጀመረችለት።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው አሥራ ሁለተኛው ነው።

«አሥራ ሁለተኛ» ትላለች። ጥያቄ የለውም። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ትዘረጋለታለች፤ አባቴ እጁን ዘርግቶ ይይዛል፤ እሷ ግን አትለቅም። ቁልፉን ከነእጁ ጨብጣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ግንድ የሚያክለው አባቴ ላብ በላብ ይሆናል። ከዚያ «ቆይ» ትልና ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ ታጠልቃለች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይወርድና ጎጆን ሁለት ዙር ዞሮ ይመጣል። እንደገና እጁን ይዘረጋል። የመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ መልሳዋለች። እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ በጉልበት የሚታገሉ ይመስለኝ ነበር፤ ሁልጊዜ የምታሸንፈው አሮጊቷ መሆኗ ደግሞ ያንገበግበኛል።

መንገድ ላይም ሕግ የሚያወጣው የእሷ ድምፅ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲል እንቆማለን፤ ጎጆ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙራ ትቆማለች፤ ግቢው ጥበቃ ካለው ጥበቃውን ሳናስፈቅድ አንገባም። አባቴ የራሱ የሆነች አንዲት ሕግ ነበረችው። ከቆምን በኋላ ባዶ ጠርሙስ ወለሉ ላይ ያጋድማል። ጠርሙሱ ከተንከባለለ ቦታ እንቀይራለን። እኔ ጨዋታ መስሎኝ «ይንከባለላል! አይንከባለልም!» እያልኩ ከእሱ ጋር እወራረድ ነበር። እሱም እየሳቀ ይወራረዳል፤ ግን ጠርሙሱ እስኪረጋ ድረስ ትንፋሹን ይይዝ እንደነበር ዛሬ ትዝ ይለኛል።

ዛሬ ብዙ ነገር አውቃለሁ። አባቴ ጎጆን ከመግዛቱ በፊት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር፤ ለምን እንደተወው ግን የነገረኝ አልነበረም። አንድ ቀን ዳገት ላይ አቁሞ ሰው ሲያወርድ ፍሬኑ ከዳው። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳ ጋ ቆመ፤ በመሀል ግን የአንዲት አትክልት ሻጭ እግር ተሰበረ። ሴትየዋ ድናለች፣ መርማሪዎቹም ጥፋቱ የእሱ አይደለም ብለው ጽፈዋል። እጁ ግን ወረቀት አያነብም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ሲጨብጥ ይንቀጠቀጥበት ጀመር፤ ስምንት ወር ሙሉ ምንም አልነዳም። እኔ ስምንቱንም ወር ዕረፍት ላይ ያለ መስሎኝ፣ ቤት በመዋሉ ደስ ብሎኝ ነው ያሳለፍኩት።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ነዳጅ ማደያ ግቢ ቆመን አልጋዬ ላይ የተኛሁ መስዬ ተጋድሜያለሁ። እናቴና አያቴ ሰሃን እያጠቡ ያወራሉ።

«ዛሬ ስንቴ መለስሽው?» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

«ሁለቴ።»

«እማዬ፣ በዚህ አያያዝ ሰኞን እኮ አንደርስም። አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለሽ ብታሳልፊውስ?»

«አላሳልፈውም። ካልሆነ አልሆነም ነው። ሰኞም ትቅር፣ ሥራውም ይቅር።»

«እሱ ግን ሲስቅ ነው የዋለው።»

«ጥርስ ባዳ ነው ልጄ። ሆድ ሲከፋው እሱ ይስቃል።»

ከዚያ እናቴ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። አያቴ አባቴን አልበቃት ብሎ እናቴንም አስለቀሰች፤ ሰኞን ልታስቀርብን ነው። ኃይሏ ያለው ደግሞ ደብተሯ ውስጥ ነው፤ ደብተሩ ከሌለ መጠየቅ አትችልም፣ ካልጠየቀች ቁልፉን መስጠት ግድ ይሆንባታል። እንዲህ ያለ ጥበብ በሰባት ዓመቴ ማፍለቄ እስከ ቅዳሜ ድረስ ሲያኮራኝ ነበር።

ዓርብ ማለዳ አንድ ነገር ልብ አልኩ። አያቴ ደብተሩን ይዛ ስትጠይቅ ሽፋኑ ላይ ያለው ፈረስ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ደብተሩን ዘቅዝቃ ነበር የያዘችው። አንደኛ ክፍልን ብቻ የጨረስኩት እኔ እንኳ ይሄን አላደርግም ብዬ በሆዴ ሳቅኩባት። ከዚያ በላይ አላሰብኩበትም።

ቅዳሜ ማለዳ የቆምነው አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። ሻይ ተጠጥቷል፤ ምድጃው ጠፍቷል፤ የሲሊንደሩ መዝጊያ ግን ጥያቄው ስላልደረሰ ገና አልተዘጋም። አያቴ ውጭ ፊቷን ትታጠባለች። ደብተሩን ከወንበሯ ላይ ብድግ አድርጌ በኋላ በር ሾልኬ ወጣሁ። ከፍቼ ባየው ኖሮ! ግን ጠላት የያዝኩ ያህል ስለፈራሁት አልከፈትኩትም። የት ልደብቀው? ከአባቴ በቀር ማንም የማይከፍታት አንዲት በር አለች። የጋዙን ሳጥን ከፈትኩና ደብተሩን በሲሊንደሩና በግድግዳው መሀል ሰነቀርኩት። አልገባ አለኝ። በተረከዜ ገፋሁት። አንድ ነገር ቋ አለ፤ ደብተሩም ገባ። በሩን ዘግቼ ተመለስኩ።

«ደብተሬስ?» አለች አያቴ።

ትራስ ተነሳ፣ ፍራሽ ተገለበጠ። አያቴ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረች። «ቁንጫ፣ አላየሽልኝም?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላየሁም» አልኩ።

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈች። «እንግዲህ ምን ይደረግ። ያለ ደብተሩ አንዱንም አላስታውሰው።»

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። «እማማ፣ በየቀኑ ሲጠይቁኝ ከርመው! ታኮ፣ ቁም ሣጥን…»

«እርጅና ነው ልጄ። አንተ ታስታውስ እንደሆን እንጃ።»

ያሰብኩት እንዲህ አልነበረም። አያቴ ቁልፉን አልሰጠች፤ አባቴ ቁልፉን አልጠየቀ። ፀሐይዋ መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ወጣች። እናቴ ሰዓቷን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ሌላ የምታየው ስታጣ «በሉ ሻይ ልድገም» ብላ ክብሪቱን ይዛ ወደ ምድጃው ሄደች። የመጋዘኑ ጥበቃ ደግሞ ምን ገጠማቸው ብሎ ሲጋራውን እያጨሰ መጣ። እኔ ልናገር ወይስ አልናገር እያልኩ የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

አባቴ ውጭ ብቻውን ማጉረምረም ጀመረ። «ታኮ… ታኮ ከጎማው ሥር ነው።» ጎንበስ ብሎ አየ። «ቁም ሣጥን…» በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «ጋዝ።» ሲራመድ እግሩ ሲከብደው ይታየኛል። ትንሿን በር ከፈተ።

ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ ከአባቴ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ክብሪቱን እንዳትጭሪው!»

እናቴ የክብሪቱን እንጨት ቀፎው ላይ እንዳሳረፈች ደርቃ ቀረች።

«አስቀምጪው። ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ። ልጅቷን ይዘሽ በፊት በር ውረጂ። እማማ፣ ይነሱ፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ይሂዱ፣ ወደዚያ አይደለም፣ በዚህ! አንተ ወንድሜ፣ ሲጋራውን እዚያው አጥፋውና ራቅ በል!»

ትንፋሹን ይዞ ሳጥኑ ውስጥ እጁን አስገባና የሲሊንደሩን መዝጊያ አዞረ። ከዚያ በሮቹን ሁሉ ከፈተ፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ። እኛ ሃምሳ እርምጃ ርቀን ቆመናል፤ የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስለው ሽታ እዚያ ድረስ መጣ። እናቴ ትከሻዬን ጨብጣ ታሳምመኛለች። አያቴ ጎጆን አታይም ነበር። የምታየው የአባቴን እጅ ነው።

በተረከዜ ስገፋው የጋዙ ጎማ ከሲሊንደሩ አፍ ወልቆ ነበር። ጋዙ ሳጥኑን ሞልቶ፣ ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳ ወለል ለወለል ወደ ቤቱ ሲገባ ቆይቷል። ይሄን ያኔ አላወቅኩም፤ ግን አባቴ ከሲሊንደሩ ጀርባ ፈረስ የተሳለበትን ደብተር ሲጎትት አየሁ። ቀና ብሎ በዚያ ሁሉ ርቀት በቀጥታ እኔን አየኝ። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። እሱ ግን ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ከተተና አዝራሩን ቆለፈበት።

ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። አባቴ የጎማውን ጫፍ በቢላ ቆርጦ መልሶ ሰካው፣ የማሰሪያ ቀለበቱን አጠበቀው፣ የሳሙና አረፋ ቀብቶ መዝጊያውን ትንሽ ከፈተና ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ጠበቀ። አረፋው አልተነፋም። ዘጋው። እንደገና ቀባው፤ እንደገና አየው። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ጮክ ብሎ፣ እንደ አያቴ፣ «ፍሬን?» አለ። ራሱ «ይዟል» ብሎ መለሰ። «ቀበቶ?» ሲል እናቴ መለሰች። «ደረጃ?» ሲል እኔ «ታጥፏል» አልኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። እስከ አሥራ አንድ ደረሰ።

ከዚያ አያቴ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ጨበጠችው። እኔ መቁጠር ልጀምር ስል ወዲያው ለቀቀችለት። «በል ንዳ፤ መንገድ ነው» አለችና ዞራ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

ደብተሯን ስላጣች ተሸነፈች፤ የእኔ ፍርድ ይሄ ነበር።

ቀትር ላይ ስንቆም አባቴ እጄን ይዞ ትንሿ በር ጋ ወሰደኝ። ተቀጣሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቴ ጋር አስተካከለ። «እዚህ ውስጥ ከሲሊንደሩ በቀር ምንም አይገባም። አሻንጉሊት አይገባም፣ ጫማ አይገባም፣ ደብተር አይገባም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩና በለቅሶ ፈነዳሁ። «አንተን እንዳታሰቃይህ ብዬ ነው።»

በአውራ ጣቱ እንባዬን ጠረገ። የሆነ ነገር ሊለኝ ነበር፤ ግን ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስደግፎ ብቻ «አሁን አታሰቃየኝም» አለኝ። ሸሚዙ ውስጥ ያለው ደብተር ጉንጬን ሲቆረቁረኝ ይሰማኛል።

በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንቆም የነበርነው በዚያ ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነዳን፤ ጨለማ ግን አልያዘንም። እሁድ ማለዳ ጥያቄውን የጠየቀው አባቴ ነው፤ ለአያቴም «ቀበቶ?» የምትባል ድርሻ ሰጣት። «ታስሯል፣ ጌታው!» ብላ ስትመልስ እናቴ ስድስት ቀን ያጠራቀመችውን ሳቅ ሳቀችው። እሁድ በአሥር ሰዓት ደረስን። ሰኞ ጠዋት እናቴ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከጎጆ ስትወርድ ደረጃውን የዘረጋሁላት እኔ ነኝ።

አያቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆነ። ሳልጠይቃት፣ ይቅርታም ሳልላት ነው የሄደችው። ባለፈው ወር እኔም የራሴን የቤት መኪና ገዛሁና ልጆቼንና አባቴን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልወጣ ተዘጋጀሁ። አባቴ ዘንድሮ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ማለዳ ላይ ፈረስ የተሳለበትን ደብተር ይዞ መጣ። «ይሄ ካንቺ ዘንድ መሆን ያለበት ነው» አለኝ።

አሁንስ ከፈትኩት። ጽሑፉ የእሱ ነው፤ ያቺ ክብ ክብ የምትል የእጅ ጽሑፉ። በየገጹ አንድ ጥያቄ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አሥራ ሁለተኛ። እጄን ይያዙልኝ። ከተንቀጠቀጠ ቁልፉን አይስጡኝ። ብለምንዎትም፣ ብቆጣም፣ ሥራው ቢቀርም አይስጡኝ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣለች።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ለካ ያን ሁሉ የጠየቃት እሱ ነው። የበየንኩባት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ክፉ መባሉን ተሸክማ ስድስት ቀን ከጎኔ ተቀመጠች። እዚያው በሩ ላይ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አለቀስኩ።

«ያን ቀን ደብተሯን ባልወስድባት አትረሳውም ነበር» አልኩት።

አባቴ መሳቅ ጀመረ። «ምኑን ይረሱታል? አያትሽ ማንበብ የት ያውቁና!»

ፈረሱ እግሩን ወደ ሰማይ እንደሰቀለ መጣብኝ።

«እኔ ነኝ ከደብተሩ እያነበብኩ አንድ በአንድ በቃል ያስጠናኋቸው። በእንቅልፍ ልባቸው ቢጠየቁ ይወጡታል። ‹አላስታውስም› ያሉት ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው፤ ራሴ እንድጠይቅ። እኔም እርጅና መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን የነገሩኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ደብተሩን ይዘሽ በኋላ በር ስትወጪም በጎን መስታወቱ አይተውሻል። የት እንደወሸቅሽው ግን አላዩም። ‹ጋዙ ጋ መሆኑን ባውቅማ ጆሮዋን እቆርጠው ነበር› ብለውኛል።»

ስቄ ሳልጨርስ በሩ ፊት ቆመና ደብተሩን ዘቅዝቆ ያዘ። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ መጠየቅ ጀመረ። ታኮውን መለስኩ፣ ጋዙን ሄጄ አሸተትኩ። «ደረጃ?» ሲል ትንሿ ልጄ «ታጥፏል!» ብላ ጮኸች።

«አሥራ ሁለተኛ» አለ አባቴ።

እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉን ከነእጄ ጨብጦ ዓይን ዓይኔን እያየ ቆየ። አንዱ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእሱ ነው፣ የእርጅና።

«ያንቺ ደህና ነው» አለኝና ለቀቀልኝ።